መርዶ ይዤ ከሐይቅ እስከ ውጫሌ

ሰኞ፣ ከአዲስ አበባ እስከ ደሴ

ከጧቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በመሥሪያ ቤታችን ላንድሮቨር ከአዲስ አበባ ተነሣን። ሦስት ነበርን፤ ሾፌራችን ጋሽ ሰይድ፣ ለአሥራ አምስት ቀን ጉብኝት የመጣችው ፖላንዳዊት ደራሲ ሃሊና፣ እና አስተርጓሚዋ እኔ። የሃሊና የመጀመሪያ ልብ ወለድ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እየተተረጎመ ነው። በመጽሐፉ መግቢያ የሚወጣውን «የደራሲዋ ሕይወትና ሥራ» የሚል ጽሑፍ እንዳዘጋጅ የታዘዝኩት እኔ ነኝ። የጉብኝት መርሐ ግብሯ በፋብሪካና በስብሰባ ተሞልቶ ነበር። እሷ ግን አራት ቀን ተቀንሶላት አንድ ሐይቅና አንድ የገጠር ከተማ እንድታይ ለመነች። ሐይቅንና አምባሰልን የጠቆመው ጋሽ ሰይድ ነው፤ ተወልዶ ያደገው ውጫሌ ነውና።

ሃሊና ሃምሳ አምስት ዓመቷ ነው። በአማርኛ አንቱና አንቺ እንደሚለያዩ ስነግራት «አንቺ በይኝ፤ ገና አላረጀሁም» ስላለችኝ እዚህም እንደዚያው እጽፋታለሁ።

አርባ ሁለት ጥያቄዎች በእንግሊዝኛ በደብተሬ ጽፌ ይዤ ነበር። ደብረ ብርሃን እስክንደርስ አንዱንም አልጠየቅኋትም። ጋሽ ሰይድ በመስተዋቱ አየኝና «አንቺ ልጅ፣ ምላስሽን ቢሮ ቆልፈሽበት መጣሽ እንዴ?» አለኝ። ሃሊና ምን እንዳለ ጠየቀችኝ። እያፈርኩ ተረጎምኩላት። ሳቀችና ደብተሩን ከጭኔ ላይ አንሥታ ጥያቄዎቹን ራሷ እያነበበች ራሷ ትመልስ ጀመር።

የተወለደችው በባቡር ጣቢያ ዙሪያ በቆመች ትንሽ ከተማ ነው። አባቷ የሐዲድ ሠራተኛ ነበሩ፤ እናቷ የሠራተኞቹን ልብስ ያጥቡ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ መምህርት ሆነች፤ ዛሬም ታስተምራለች። አምስቱንም ልብ ወለዶቿን የጻፈችው ጎሕ ሳይቀድ ተነሥታ የትምህርት ቤቱ ደወል እስኪደወል ባለው ጊዜ፣ በወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ፣ ተማሪዎቿ ሳይጨርሱ በጣሏቸው ደብተሮች ባዶ ገጾች ነው። ሁለተኛው መጽሐፏ አልቆ ሁለት ዓመት ሳይታተም እንደቆየ ነገረችኝ። «ለምን?» አልኳት። «መጀመሪያ ያነበቡት ሰዎች በጣም ጥንቁቆች ነበሩ» አለች። ምን ዓይነት ሰዎች እንደሆኑ አልጠየቅኋትም፤ ማስረዳትም አላስፈለጋትም።

የጣርማ በርን ዋሻ በጭጋግ አልፈን ወደ ቆላው ወረድን። ከሚሴ ላይ ጥብስ በልተን፣ ፓፓያ ገዝተን ጉዟችንን ቀጠልን። አንዱ ኬላ ላይ ጠባቂው የይለፍ ወረቀታችንን ደጋግሞ ገለበጠና «ፖላንድ ከየትኛው ወገን ናት?» አለ። እኔ አፌን እስክከፍት ጋሽ ሰይድ ቀደመኝ፤ «ከኛው ወገን ናት፣ ጓድ! ስትፈልግ ትራክተር፣ ስትፈልግ ደራሲ ትልካለች።» ጠባቂው ሳቁን ዋጥ አድርጎ ገመዱን ለቀቀልን። ደሴ የገባነው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። አልጋው ስድስት ብር፣ ብርዱ ግን በነፃ ነበር።

ማክሰኞ፣ ሐይቅ

ከደሴ ሐይቅ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ ቁልቁል እየተጠማዘዘ ይወርድና ድንገት ውኃው ይታያል። ጧት ስለነበር ዳርና ዳሩ አረንጓዴ፣ መሐሉ እንደ ብረት ምጣድ ጥቁር ነበር። ሴት ወደማትገባበት የሐይቁ ገዳም የሚወስደውን መንገድ ይዘን እስከተፈቀደልን ሄድንና ተመለስን። ሃሊና አልከፋትም። «እኔ ሁልጊዜም በዋናው በር ገብቼ አላውቅም» አለች። አሠራሯ እንደዚህ ነው፤ ስለ አንድ ቤት ለመጻፍ ስትፈልግ መጀመሪያ የምታየው ጓሮውን ነው። ሰው ለእንግዳ የሚያሳየው የፊቱን፣ የሚኖረው ግን የኋላውን ነው ትላለች።

ስለዚህ በሐይቅ ከተማ ጓሮ ለጓሮ ዞርን። የተሰጣ በርበሬ፣ የተቀደደ መረብ፣ በጌሾ ሥር የታሰረች ፍየል እያየች በደብተሯ ጻፈች። ልብስ የሚያጥቡ ሁለት ሴቶች ጋሽ ሰይድን ጠሩት።

«ወንድሜዋ፣ ፈረንጇ ምን ጠፍቷት ነው ጓሮ ለጓሮ የምትዞረው?»

«ዶሮዋ ጠፍታባት ነው።»

«ኧረ በአላህ! ምን ዓይነት ናት?»

«ቀይ፣ ገብስማ ቢጤ።»

ሁለቱ ሴቶች እጃቸውን አራግፈው ከአጥሩ ሥር ዶሮ ይፈልጉ ጀመር። ለሃሊና ስነግራት እስክታነባ ሳቀች፤ ከዚያም እሷም ጎንበስ ብላ አብራቸው ፈለገች።

ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ በዓሣ አጥማጆች ማኅበር ደጅ ተቀምጠን የተጠበሰ ዓሣ በአዋዜ በላን። እዚያ ነው ሠላሳ አንደኛውን ጥያቄዬን ራሴ የጠየቅኋት፤ የመጀመሪያው ልብ ወለዷ ምን ያህሉ እውነት እንደሆነ። መጽሐፉን ላላነበበ ባጭሩ ላስረዳ። ባለታሪኳ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት፤ አባቷ በጦርነቱ ጊዜ ሩቅ አገር ለሥራ ሄዷል ትባላለች። ደብዳቤው በየጊዜው ይመጣል። አድጋ ስትጠይቅ ግን አባቷ በተወሰደ በመጀመሪያው ወር ሞቷል፤ ደብዳቤዎቹን ስትጽፍ የኖረችው እናቷ ናት። ልጅቷ እናቷን ይቅር ሳትል መጽሐፉ ያልቃል።

«ሁሉም እውነት ነው» አለች ሃሊና። «እንደ ጅል ሰባት ዓመት ለሞተ ሰው መልስ ጻፍኩ። ስለ ውጤቴ፣ ስለ ጫማዬ። ከእናቴ ጋር እስከ ዛሬ በአንድ ቤት እንኖራለን። መጽሐፉን አነበበችው። መለሰችልኝና "ጥሩ ተጽፏል" አለችኝ። ስለ ነገሩ ሌላ ቃል ተነጋግረን አናውቅም።» ከዚያ የዓሣውን አጥንት እያወጣች «ከሞት ይልቅ ያቃጠለኝ እናቴ እያወቀች እኔ አለማወቄ ነው» አለች።

ለአለቃዬ ከደረስኩበት ከተማ ሁሉ ስልክ እንድደውል ታዝዤ ነበር። ሃሊናን ከዓሣ አጥማጆቹ ጋር ትቼ ወደ ስልክ ቤቱ ሄድኩ። መስመሩ የተገኘው ልክ ሰባት ሰዓት ላይ ነው።

«የሃሊና እናት ትናንት አርፈዋል» አለኝ አለቃዬ። «ከኤምባሲው አሁን ነገሩን። አንቺ ምንም እንዳትተነፍሺ። ሐሙስ ማታ ስትገቡ እዚህ በሰው ፊት እናረዳታለን። አውሮፕላኑ ዓርብ ነው፤ ለቀብሩ ትደርሳለች።»

«ጓድ፣ እሷ ግን...»

«በመንገድ ላይ፣ በሰው አገር፣ አንቺ ብቻሽን ልታረጃት ነው? በይ፣ ተጠንቀቂ።»

ስልኩን ዘግቼ ደጁ ላይ ቆምኩ። አለቃዬ ክፉ ሰው አይደለም። የነገረኝ እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀውን ነው። ሰው ይሰበሰባል፣ ሲነጋጋ በር ይንኳኳል፣ የሚደግፍ ክንድ ከግራና ከቀኝ ተዘጋጅቶ ይነገራል። ብቻውን ለቆመ ሰው ሞት መንገር በኛ ዘንድ ጭካኔ ነው። በእሷ ዘንድ ግን ጭካኔው መደበቁ እንደሆነ ከአንድ ሰዓት በፊት በአፏ ነግራኛለች።

ጋሽ ሰይድ ጎማ ሲያይ አገኘሁትና ነገርኩት። «ኢና ሊላሂ» ብሎ ቁጭ አለ። «አሁን ልነግራት ነው» አልኩት።

«ማን አለና? እኔና አንቺ? ብትወድቅ ማን ያነሣታል? ስሚኝ፣ እህቴ ዘሐራ ውጫሌ አለች። የቅሬውን ሰው ትጥራ። ነገ በማለዳ ይነገራት። እስከ አዲስ አበባስ አናቆያትም፤ እሱን እኔም አልወደውም።»

ቅሬ በወሎ እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድነት ሞትን የሚሸከምበት የጎረቤት ማኅበር ነው። እሺ አልኩ። ከአለቃዬም ከልቤም መሐል ያለ መንገድ መስሎኝ ነበር።

ከሐይቅ እስከ ውጫሌ

ሱሉላን አልፈን ወደ አምባሰል ገባን። በግራችን ገደሉ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ከሥሩ ማሽላው ራሱን ደፍቷል። ሃሊና ሁሉን ትጠይቃለች፤ ማሽላውን ከወፍ የሚጠብቁት ከምን በተሠራ ማማ ላይ እንደሆነ፣ ገደሉ ላይ ሰው ይኖር እንደሆነ። እኔ እመልሳለሁ። ድምፄ የራሴ አልመስል አለኝ።

«ሾፌሩ መዝፈን ለምን ተወ?» አለችኝ ድንገት።

እውነቷን ነው። ጋሽ ሰይድ ከአዲስ አበባ ጀምሮ በአፍንጫው የአምባሰልን ዜማ ሲያንጎራጉር ነበር የመጣው። አሁን አገሩ፣ ዜማው ስሙን ያገኘበት ምድር ላይ ደርሶ ዝም ብሏል።

«ደክሞት ይሆናል» አልኳት።

አየችኝ። ሰባት ዓመት ደብዳቤ የተጻፈላት ሴት ውሸት እንዴት እንደሚሸት ታውቃለች።

ውጫሌ ወደ አሥር ሰዓት ደረስን። የጋሽ ሰይድ እህት እትዬ ዘሐራ ትልቅ ግቢ ያላት፣ በገበያው ጨው የምትሸጥ፣ ድምፀ ጎርናና ሴት ናት። የሃሊናን ስም ሁለት ጊዜ ሞከረችና «እኔስ ሐሊማ ብያታለሁ፤ አትቀየመኝም» አለች። ወንድሟ ጆሮዋ ላይ ሲነግራት ፊቷ ተለወጠ። ወዲያው ግን ሣቅ አምጥታ ለእንግዳዋ ውኃ አስመጣች። ሃሊናን በገበያው ዳር ዳር ሳዞራት የማላውቃቸው ሴቶች እየቆሙ እንደ ዘመድ ይስሟት ነበር። «ደግ አገር ነው» አለችኝ። ጎንበስ ብዬ ጫማዬን አየሁ።

ራት ከመቅረቡ በፊት፣ ገና ብርሃን ሳለ፣ ደጁ ላይ ተቀምጠን እጄን ያዘችና «አንቺ ዛሬ አንድ ነገር ሆነሻል» አለችኝ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እትዬ ዘሐራ ከበሩ ላይ ሆና በዓይኗ «ቆዪ» አለችኝ። ቆየሁ።

ረቡዕ፣ ውጫሌ

አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ግቢው በሰው ሞልቷል። ወንዶቹ በአጥሩ በኩል ቆመዋል፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደጁ ላይ ናቸው። አንድ ሽማግሌ ዱዓ ሊያደርጉ ተዘጋጅተዋል። እትዬ ዘሐራ በግራ፣ ወይዘሮ የሺ የምትባል ጎረቤቷ በቀኝ ሆነው አብረውኝ ወደ ሃሊና ክፍል ገቡ። ወይዘሮ የሺ በአምባሰል የታወቀች አልቃሽ ናት።

«በሉ ይንገሯት» አልኩ፣ ተከትለውን በሩ ላይ ወደቆሙት ሽማግሌ እያየሁ።

እትዬ ዘሐራ ገረማት። «ልጄዋ፣ በምን ቋንቋ? ቋንቋው ያለው አንቺ ዘንድ አይደለም? እኛ እንይዛታለን፣ አንቺ ተናገሪ።»

ሌሊቱን ሙሉ ሌላ ሰው የሚናገረው መስሎኝ ነበር፤ የቋንቋውን ነገር አላሰብኩም። ሃሊና ተነሥታ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ አንድ በአንድ አየችን። ሁለቱ ሴቶች ክንዷን ከግራና ከቀኝ ያዙ፤ በአራት ቃል ነገርኳት። አላለቀሰችም።

«መቼ ሰማሽ?»

«ትናንት ሰባት ሰዓት።»

ሰዓቷን አየች። «አሥራ ሰባት ሰዓት» አለች። «ገበያ አዞርሽኝ። ራት አብረሽኝ በላሽ። ሾፌሩ ደክሞት ነው አልሽኝ። መጽሐፌን ያነበብሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ምን አነበብሽ?»

የያዟትን እጆች ቀስ ብላ አስለቅቃ ወጣች። ሴቶቹ መንገድ ለቀቁላት። ወደ ጓሮ ዞራ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። እኔ በሩ ላይ ቀረሁ። ይቅርታ ለመጠየቅ እንኳ ደፍሬ አልሄድኩም። የሄዱት ሴቶቹ ናቸው። ምን እንደተባባልን አልገባቸውም፤ ተከትለዋት ዙሪያዋን መሬት ላይ ተቀመጡ። የሚያለቅሱት አለቀሱ። እትዬ ዘሐራ «አብሽሪ ሐሊማ፣ አብሽሪ» እያለች ጀርባዋን ታሻት ነበር። ብዙ ደቂቃ አለፈ። ከዚያ ሃሊና በዓይኗ ፈልጋኝ ጠራችኝ።

«እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው?»

«ጎረቤት። ለእናትሽ ነው የመጡት።»

«እናቴን አያውቋትም እኮ።»

ይኼን ስተረጉም ወይዘሮ የሺ ፈጠን ብላ መለሰች። «ታዲያ ታሳውቀን! የማላውቀውን ሰው እንዴት አለቅሳለሁ? ምን ትሠራ ነበር? እጇ ምን ያውቅ ነበር?»

ሃሊና ቀስ በቀስ ጀመረች፤ እኔም ቃል በቃል አስተላለፍኩ። እናቷ በዘይትና በከሰል የቆሸሸ ልብስ ያጥቡ እንደነበር። በክረምት እጃቸው ይሰነጣጠቅ እንደነበር። ቀጥሎም በመጽሐፉ ውስጥ የሌለ ነገር ተናገረች፤ የአባቷን ደብዳቤዎች እናቷ የጻፉት በግራ እጃቸው ነበር። የቀኝ እጃቸውን ጽሕፈት ልጃቸው ታውቀዋለች። ቀን አጥበው ማታ ማታ በግራ መጻፍ ተለማመዱ።

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ወይዘሮ የሺ ወደ ፊት ተጠጋች።

«እሷንስ? እናትየዋን ማን አረዳት?»

«አንድ የባቡር ሰው» አለች ሃሊና፣ «መንገድ ላይ ሲያልፍ የሞቱን ወረቀት ጣለላት።»

«መንገድ ላይ? ማን ነበር አብሯት?»

«ማንም። ጎረቤቶቻችን ሁሉ ተወስደው ነበር። በመንገዳችን የቀረነው እኛ ብቻ ነበርን።»

«ወይኔ እናቴ!» አለች ወይዘሮ የሺ፣ ደረቷን መታ አድርጋ። «ብቻዋን ተረድታ! ታዲያ ማንን ይዛ ለልጇ ትንገር? ሰው እስኪመጣ ስትጠብቅ ነው እኮ። ሰው አጥታ ነው።»

ይኼን ተረጎምኩላት። ሃሊና እንድደግመው ጠየቀችኝ። ደገምኩት። በዚያን ጊዜ ወይዘሮ የሺ ድምፅዋን አውጥታ ጀመረች፤

«በቀኝ እጇ አጥባ፣ በግራ እጇ ጽፋ፣
ባሏን አኖረችው ልጇ እንዳትከፋ።»

ሴቶቹ ተቀበሏት። ሃሊና ትርጉሙን አልጠበቀችም። ፊቷን በእትዬ ዘሐራ ትከሻ ላይ ደፍታ አለቀሰች፤ እትዬ ዘሐራም እንደ ሕፃን ወዘወዘቻት። ዱዓው ተደረገ፣ ወይዘሮ የሺም «ነፍስ ይማር» አለች። ንፍሮ ቀረበ። ሃሊና ከሰው እኩል እየዘገነች በላች።

ረፋዱ ላይ ተነሣን። ወይዘሮ የሺ መኪናው ድረስ መጥታ ለእኔ ብቻ «አንቺም አልቅሰሽ ይውጣልሽ እንጂ፣ ምነው እንደ ድንጋይ?» አለችኝ። እስከ ሐይቅ ድረስ አለቀስኩ። ማንም አልከለከለኝም።

ሐሙስ፣ ወደ ቤት

ደሴ አድረን ማለዳ ወጣን። ከኮምቦልቻ እስከ ሸዋ ሮቢት ሃሊና በእርሳስ ስትጽፍ ቆየች። ደብረ ሲና ዳገት ላይ ደብተሯን ዘጋች።

«አሥራ ሰባቱን ሰዓት ይቅር አልልሽም» አለችኝ። «የእኔ ነበሩ፤ ልትወስጃቸው መብት አልነበረሽም። ሰው ሰብስበሽ ስለነገርሽኝ ግን አመሰግንሻለሁ። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱን ለሌላው አትለውጪው።»

«አልለውጠውም» አልኳት። ከጉዞው መጀመሪያ ጀምሮ ሳላመነታ የመለስኩላት ይኼን ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ለመግቢያው ጽሑፍ ስለ እናቷ ምን እንድጽፍ እንደምትፈልግ ጠየቅኋት። «ልብ ወለዱን የጻፈችው የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት ብለሽ ጻፊ» አለች። «አሁን ሌላ መጻፍ አለብኝ። ያቺን ሴት መንገድ ላይ ወረቀቱን ይዛ ብቻዋን ከቆመችበት እጀምራለሁ።»

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መሥሪያ ቤቱ በር ስንደርስ አለቃዬና ሦስት ሰዎች ጥቁር ለብሰው ቆመው ነበር። ሃሊና ወርዳ እጃቸውን ጨበጠችና «አውቃለሁ፤ ተረድቻለሁ» አለቻቸው። አለቃዬ ወደ እኔ ዞረ።

«ማን ፈቀደልሽ?»

«ማንም» አልኩት። «ግን ቸኩዬ አይደለም፣ ጓድ። ዘግይቻለሁ።»

ጋሽ ሰይድ ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩን የሚያይ መሰለ፤ ትከሻው ግን በሳቅ ይነቃነቅ ነበር።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩትን ባጭሩ ልጻፍ። ወጋችን ትክክል ነው፤ ሞት ለብቻ አይነገርም። ሰው የሚሰበሰበው ግን ቶሎ ለመንገር እንጂ ለማቆየት አይደለም። ሐይቅ ላይ መረብ የሚጠግኑ ሰዎች ነበሩ፤ ልብስ የሚያጥቡ ሴቶችም ነበሩ። ዶሮ አብረዋት የፈለጉ ሰዎች፣ ብጠራቸው ኖሮ፣ እናቷንም አብረዋት ባለቀሱ ነበር። ሰው ሳይጠፋ ሰው የለም ብዬ አሥራ ሰባት ሰዓት ወሰድኩባት።

ቤቴ ስደርስ እናቴ በሩን ከፈተችልኝ። ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ ፊቴን አየችና እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ማን ሞተ?» አለች።

ሌላ ጊዜ ቢሆን «ማንም፤ ደክሞኝ ነው» እላት ነበር።

«የሃሊና እናት» አልኳት፣ እዚያው በሩ ላይ።

እናቴ አንዳቸውንም አታውቅም። ነጠላዋን አዘቀዘቀች፤ በሩ አጠገብ ካለው ዱካ ላይ ተቀምጣ እኔንም ክንዴን ይዛ አስቀመጠችኝ፤ «ስንት ልጅ ነበራት?» አለችኝ።